ታላታ! ታላታ!

ልጄ፣

ትናንት በስልክ «አባዬ፣ ይሄ የግሪክኛ ሰዋስው ሊገድለኝ ነው» ስትዪኝ ሌሊቱን ሳስብሽ አደርኩ። እስቲ አንድ ቃል ብቻ አብረን እንይ። ባሕር።

በጥንቱ ግሪክኛ ባሕር ታላሳ ነው። «ሳ» ጠብቃ ትነበባለች። አቴናውያን ደግሞ ታላታ ይላሉ፤ «ታ»ም እንደዚያው ትጠብቃለች። በግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ «ባሕረ ኤርትራ» የምንለው ከእነሱው ኤሪትራ ታላሳ የመጣ ነው፤ ቀይ ባሕር ማለት። ቃሉ ራሱ ግን ከግሪክኛ የተወለደ አይመስልም። አብዛኞቹ ሊቃውንት ግሪኮች አገሩን ቀድሞ ይዞ ከነበረው ሕዝብ ወሰዱት ይላሉ። ያለ ባሕር የማይታሰቡት ግሪኮች የባሕርን ስም ተውሰው ነው የያዙት። ይሄ ሁሌም ይገርመኛል።

እርባታውን አትፍሪው። ታላሳ ሴቴ ናት። «የባሕር» ለማለት ታላሴስ፣ «ባሕርን» ለማለት ታላሳን። መጨረሻዋን አየሻት? «ን» ናት፣ ልክ እንደኛ! ዝምድና የለውም፣ አጋጣሚ ነው። ግን ከእንግዲህ አትረሺውም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ወደ 10,000 የሚሆኑ ግሪኮች ለፋርሱ ልዑል ለቂሮስ ተቀጥረው ዘመቱ። ቂሮስ ባቢሎን አቅራቢያ ተገደለ። እነሱ በጠላት አገር መሀል ቀሩ። በበረዶና በተራራ ወደ ሰሜን ተጓዙ። በዓመቱ አንድ ተራራ ላይ የፊተኞቹ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጩኸት ተነሣ። ከአዛዦቹ አንዱ የነበረውና ኋላ ታሪኩን የጻፈው ክሴኖፎን ከኋላ ነበር። ጠላት የመጣ መስሎት ፈረሱ ላይ ወጥቶ ጋለበ። ሲቀርብ ቃሉን ሰማው፦ «ታላታ! ታላታ!» ጥቁር ባሕር ታይቷቸው ነው። ወታደሩም አዛዡም ተቃቅፈው አለቀሱ።

ሰዋስውሽ እዚህ ጋ ነው ያለው። «ባሕር!» እያሉ ለጓደኞቻቸው እየነገሩ ነው? ወይስ «ባሕር ሆይ!» እያሉ እሷኑ እየጠሩ? በዚህ ዓይነቱ ሴቴ ስም ሁለቱም መልካቸው አንድ ነው፤ ከቃሉ አትለዪውም። ክሴኖፎን ጩኸቱን ከፊት ወደ ኋላ ይቀባበሉት ነበር ይላል። ስለዚህ እየተነጋገሩ ነው ብትዪኝ አልከራከርሽም። እኔ ግን ያን ሁሉ መንገድ የመጣ፣ እንባው የሚወርድ ሰው እሷን ሲጠራት ነው የሚሰማኝ።

አንቺስ? እሁድ ስትደውዪ ንገሪኝ።

አባትሽ