አልመርጥም አትበይኝ

ሚጡዬ፣

ትናንት ማታ አክስትሽ ደወለችልኝ። መጀመሪያ ጤናዬን ጠየቀች፣ ቀጥላ የአባትሽን ስኳር። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ነገር እንዳለ ገባኝ። ዜና እያየሽ እራትሽን ትተሽ እንደተነሳሽ፣ ክፍልሽ ገብተሽ ስታለቅሺ እንደሰማችሽ ነገረችኝ። «ከእንግዲህ አልመርጥም፣ ሁሉም ያው ነው፣ ይቺ አሜሪካ አልቆላታል» ብለሻል አሉ። ማልቀስሽ አላስደነገጠኝም። እኔም አልቅሻለሁ። ያስደነገጠኝ አልመርጥም ያልሽው ነው።

አልመርጥም አትበይ። በስልክ ብነግርሽ «እሺ ማሚ» ብለሽ ስለምትዘጊው ነው የጻፍኩልሽ። አባትሽ ፊደል ያስቆጠረሽ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው። ያልገባሽን ቃል አክስትሽን ጠይቂያት።

ምንም አልሆነም ብዬ አላታልልሽም። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 አብረን ነበርን። በኮሮና ምክንያት ትምህርትሽን ከቤት ነበር የምትከታተይው። ሶፋው ላይ ቁጭ ብለን፣ በምርጫ የተሸነፈው የትራምፕ ደጋፊዎች የካፒቶልን፣ የኮንግረሱን ሕንፃ፣ መስኮት ሲሰብሩ አየን። አመሻሹ ላይ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሰዓት እላፊ ታወጀ። አባትሽ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ «ሰዓት እላፊ? እዚህ?» አለ። እሱ ሰዓት እላፊን የሚያውቀው በደርግ ጊዜ ነው። ያን ሌሊት ሳንተኛ ጠበቅን። የምክር ቤቱ አባላት ወደዚያው አዳራሽ ተመልሰው ቆጠራውን ጨረሱ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ሲል ምክትል ፕሬዚዳንቱ ማይክ ፔንስ ውጤቱን ባይደን 306 ለ 232 አሸንፏል ብሎ አሳወቀ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ ትራምፕ ሥልጣኑን መልሶ በያዘበት ዕለት፣ በጃንዋሪ 6 ሥራቸው የተከሰሱ 1,500 ገደማ ሰዎች ምሕረት ተደረገላቸው። ወደ 140 የሚጠጉ ፖሊሶች የተጎዱበት ነገር በአንድ ፊርማ አለቀ። ከዚያ በፊት ጁላይ 1 ቀን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለፕሬዚዳንቱ ይፋዊ ተግባራት ሰፊ ከለላ ሰጥቷል። በ2025 ደግሞ ቴክሳስ ሪፐብሊካኖች አምስት ወንበር እንዲጨምሩ ብላ የምርጫ ክልል ካርታዋን ቀየረች። ካሊፎርኒያም በአጸፋው ለዴሞክራቶች የሚሆን ካርታ አጸደቀች። የመጀመሪያው አናደደኝ። ሁለተኛው ደስ ይበለኝ ብል አልሆነልኝም። በካርታ የሚገኝ ወንበር የማንም ቢሆን አያኮራም።

ስለዚህ ንዴትሽ ልክ ነው። ተናደጂ። አልመርጥም ግን አትበይ።

ስለ አጎትሽ ልንገርሽ። ታሪኩን ታውቂዋለሽ፣ ግማሹን ግን ደብቀንሻል።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ነው። አጎትሽ ገና ጎረምሳ ነው፣ ሲመርጥም የመጀመሪያው ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስተን ተሰለፍን። ሰልፉ ከምርጫ ጣቢያው ተነስቶ ሰፈሩን ይዞራል። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ በከዘራ የቆሙ አሮጊቶች። የሰፈራችን ሴቶች ውሃና ቆሎ ይዘው በሰልፉ መሀል ያድሉ ነበር። ማንም ማንን ትመርጣለህ አይልም፣ ብቻ ዝገኑ ዝገኑ ነው። አጎትሽ ወረቀቱን ኮሮጆው ውስጥ ከትቶ ሲወጣ እንደ ሠርገኛ ነበር የሚራመደው። በአዲስ አበባ ተቃዋሚዎቹ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰዱ።

ከዚያ ጥይት መጣ። በሰኔና በጥቅምት የሞቱትን መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ሲቆጥር 193 ሲቪሎች ሆኑ። በጥቅምቱ ግርግር አጎትሽን ከደጃፍ አፍሰው ወሰዱት። ሰልፍ አልወጣም፣ ዳቦ ሊገዛ ነበር። አያትሽ ስንቅ ይዛ ከጣቢያ ጣቢያ ተንከራተተች። የለም፣ እዚህ አልመጣም፣ ነገ ተመለሺ። በኋላ ዴዴሳ እስር ካምፕ መሆኑን ሰማን። ሲፈታ ጫማ እንኳን አልነበረውም።

የደበቅንሽ ይሄን ነው። በተመለሰ ማግስት የምርጫ ካርዱን ከሰል ምድጃው ላይ ጣለው። አያትሽ አታቃጥለው ብላ እጁን ስትይዘው ገፈተራትና ወደቀች። እሱ እናቱን ገፈተረ፣ የዓይኔ ብሌን የሚላትን! ጉልበቷ እስከ መጨረሻው ያሠቃያት የነበረው ከዚያ ወዲህ ነው። አንቺ ትንሽ ሆነሽ፣ ምርጫ ሲነሳ አጎቴ ለምን ከቤት ይወጣል ትዪኝ ነበር። መልሱ ይሄው።

ሚጡ፣ እሱን ድምፁን የነጠቁት ጠመንጃ ይዘው ነው። አንቺ ማንም ሳይነጥቅሽ በገዛ እጅሽ ልትሰጫቸው ነው። ይሄን አልችለውም። አልመርጥም አትበይኝ።

ደግሞ የት ሆነሽ ነው የምትዪው? ጆርጂያ! ጃንዋሪ 2 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ራሱ ደውሎ 11,780 ድምፅ ፈልግልኝ ያለው እዚያ ነው። የተደወለለት የጆርጂያ ምርጫ ኃላፊ ብራድ ራፈንስፐርገር የገዛ ፓርቲው ሰው ነበር፣ እምቢ አለ። ቆጠራው ሦስት ጊዜ ተካሂዶ ሦስቴም አሸናፊው ያው ነበር። ድምፅ ዋጋ ባይኖረው ኖሮ ያን ያህል ማን ይለምነው ነበር?

እዚያው አትላንታ ድምፅ ሲቆጥሩ የነበሩትን እናትና ልጅም አስቢያቸው። እናትየው ለልጇ የዝንጅብል ከረሜላ አቀበለቻት። የትራምፕ ጠበቃ ሩዲ ጁሊያኒ ፍላሽ ዲስክ ነው፣ ድምፅ እየሰረቁ ነው አለ። ዛቻው በዛና እናትየው ቤቷን ጥላ ወጣች። ሁለቱም ግን ለኮንግረስ እውነቱን ተናገሩ። በዲሴምበር 2023 የፍርድ ሸንጎ 148 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደላቸው። እኔ ይሄን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር አንቺና እኔ ነን የምንታየኝ።

አዎ፣ እዚያው ጆርጂያ በ2021 በወጣው ሕግ ከምርጫ ጣቢያ 150 ጫማ ርቀት ውስጥ ለተሰለፈ መራጭ ውሃና ምግብ ማደል ተከልክሏል። ስሰማው የሰፈራችን ሴቶች ፊቴ ላይ መጡብኝ፣ ደሜም ፈላ። ሌላም አለ። ለዓመታት ያልመረጠና ከምርጫ ቢሮው ጋር ያልተገናኘ ሰው ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። ዝም ስትዪ የሚጠብቅሽ ይሄ ነው። በዚያ በኦበርን ጎዳና ስታልፊ ግድግዳው ላይ የተሳለው፣ ለጥቁሮች የመምረጥ መብት የታገለው ጆን ሌዊስ በ1965 ሰልማ ድልድይ ላይ ጭንቅላቱን ሲፈነክቱት 25 ዓመቱ ነበር። የመምረጥ መብት ሕጉ በዚያው ዓመት ኦገስት 6 ተፈረመ። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሕጉን ትልቅ ክንድ ሲቆርጠው ሌዊስ በሕይወት ነበር፣ ተናደደ፣ ታገለ። ቤቱ አልተቀመጠም።

እኔ ኖቬምበር 4 ቀን 2025 እዚህ ቨርጂኒያ ምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ ዋልኩ፣ ታውቂያለሽ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ገባን። ማሽኑ ዜሮ መሆኑን የሚያሳየውን ወረቀት አትመን ፈረምንበት። ከጎኔ የተመደቡት አዛውንት ሪፐብሊካን ናቸው፣ እሳቸው የሚመርጡትን እኔ አልመርጥም። ቆሎዬን ግን አብረን በላን። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ዘግተን የገባውን ሰውና የማሽኑን ቁጥር አመሳከርን። እስኪገጥም ድረስ ሁለታችንም ከወንበራችን አልተነሳንም። ቨርጂኒያ በታሪኳ የመጀመሪያዋን ሴት ገዢ የመረጠችው በዚያ ቀን ነው። ማታ እግሬ አብጦ ገባሁ፣ ልቤ ግን ደህና ነበር።

አሁን ስሚኝ። ይሄን ደብዳቤ ለሚያመጣልሽ ሰው በርበሬና ሽሮ ልኬያለሁ። በርበሬውን ፍሪዘር ውስጥ አድርጊው። የጉንፋን ክትባትሽን ተከተቢ። የመኪናሽን ዘይት አስቀይሪ፣ አክስትሽ ድምፁ ተቀይሯል ብላለች። ሰልፍ መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ፣ አልከለክልሽም። በ2025 በኦክቶበር 18ቱ «ንጉሥ አንፈልግም» ሰልፍ አባትሽም ወጥቶ ነበር። ግን ብቻሽን አትሂጂ፣ ስልክሽ ቻርጅ ይኑረው፣ መሽቶብሽ አትቅሪ። የሚሰብር፣ የሚያቃጥል ካየሽ ወዲያው ራቂ። ማታ ማታ ደግሞ ያን ስልክ ከትራስሽ አርቂው፣ እንቅልፍ የሌለው ሰው ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለዋል።

የሚቀጥለው ትልቁ ምርጫ ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ነው። ደካልብ ካውንቲ ምርጫ አስፈጻሚ ይፈልጋል፣ ዕድሜሽም ይፈቅዳል፣ አመልክቺ። ስምሽ መዝገቡ ላይ መኖሩን ዛሬውኑ እዪ፣ የአክስትሽ አዲሱ አድራሻ መሆኑንም አረጋግጪ። ስታዪው ስክሪኑን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። እስከ እሁድ ካልመጣልኝ እኔ እደውላለሁ።

እናትሽ