ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ገዥ፦ ውጭ አገር የማይሰራ የውጭ አገር ካርድ እስከ መቼ ይሸጥልናል?

ክቡር ገዥ፣

ይሄን በአደባባይ የምጽፈው በዝግ የጻፍኩት ሁሉ መልስ ስላላገኘ ነው። ቅሬታዬ በአንድ ንግድ ባንክ ላይ ነው። ስሙን እዚህ አልጠራም፣ ምክንያቱም ነገሩን ለሰው ባወራሁ ቁጥር የሌላ ባንክ ደንበኛ የሆነ ሰው ሁሉ "እኔንም እንደዛ አርገውኛል" ነው የሚለኝ። ቅርንጫፍ ሄጃለሁ፣ ፎርም ሞልቻለሁ፣ ኢሜይል ልኬያለሁ፣ ዋናው መስሪያ ቤት ሄጄ ካርድ ክፍሉን ጠይቂ ተባልኩ፣ ካርድ ክፍሉ ደግሞ ቅርንጫፍሽን ጠይቂ ብሎ መለሰኝ። ባንኮቹን የሚቆጣጠረው የእናንተ መስሪያ ቤት ስለሆነ ጥያቄዬን ለእናንተ አመጣሁት።

አባቴ ልቡን ታሞ ለህክምና ባንኮክ ልንወስደው ነበር። የሀኪሞች ቦርድ ማስረጃ በሉት፣ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ትኬት፣ ከሆስፒታሉ የመጣው የዋጋ ግምት፣ የተባልነውን ወረቀት በሙሉ አቀረብን። ባንኩ ጥቂት ካሽ ዶላር ሰጠንና የቀረውን ዶላር በሚሞላበት ካርድ ላይ አደረገልን። "ካርድ ይሻላችኋል፣ አይሰረቅም፣ የትም አገር ይሰራል" ተባልን። ዶላሩን ባንኩ በሚሸጥበት ዋጋ ገዛን፣ በላዩ ላይ ኮሚሽን፣ በላዩ ላይ የካርድ ማውጫ፣ በላዩ ላይ የመሙያ። ለዚህ ብር የአባቴን መኪና ሸጠናል። አንድም ቦታ አልተከራከርንም፣ ሰው ልናሳክም ነበርና።

ሆስፒታሉ በሽተኛው ከመተኛቱ በፊት ተቀማጭ ይጠይቃል። ካርዱን ሰጠሁ፣ ማሽኑ ቆየ ቆየና ዲክላይን፣ ማለትም ክፍያው አልተፈቀደም፣ የሚል ወረቀት አወጣ። ድጋሚ ተሞከረ፣ ያው ነው። የባንኩን አፕ ስከፍት ግን ገንዘቡ ካርዱ ላይ የለም! ሆስፒታሉ አልደረሰኝም ይላል፣ ካርዱ ላይ ደግሞ ከትንሽ ገንዘብ በቀር የለም፣ አባቴ ዊልቸር ላይ ሆኖ ፊቴን ያያል። ምን እንደተፈጠረ ያስረዳችኝ የሆስፒታሉ ገንዘብ ተቀባይ ናት፣ ባንኬ አይደለም። የእኛ ባንክ ክፍያውን ፈቅዶ ገንዘቡን ይይዘዋል፣ ፈቃዱ ግን መንገድ ላይ ተቋርጦ ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ይቀራል፣ ማሽኑም አልተከፈለም ብሎ ይዘጋዋል። እንዲህ ሲሆን የተያዘው ገንዘብ ወዲያው እንዲለቀቅ መልእክት መመለስ አለበት። ያ መልእክት ካልደረሰ ገንዘቡ የማንም ሳይሆን ተይዞ ይቀመጣል። ሆስፒታሉ የዛኑ ቀን ክፍያው እንዳልደረሰው በጽሁፍ ሰጠኝ። ያንን ወረቀት አይቶ ገንዘቡን መልቀቅ የሚችለው ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው።

እሺ ባንኩን እንዴት አገኘዋለሁ? ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው የጥሪ ማእከል ቁጥር አጭር ቁጥር ነው፣ እሱ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ ሲደወል አይሰራም። ውጭ አገር እንዲሰራ ተብሎ የተሸጠ ካርድ ላይ ውጭ አገር የማይደወል ቁጥር ማተም ምን የሚሉት አሰራር ነው? ባንኮክ ከእኛ በ4 ሰዓት ይቀድማል፣ እዛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ወንድሜ በሩ እስኪከፈት ቅርንጫፉ ደጃፍ ቆሞ ጠበቀ። ከገባ በኋላ የሰጡት መልስ "ካርዱ በእህትህ ስም ነው፣ ራሷ ካልመጣች ልናስተናግድህ አንችልም" የሚል ነበር። እኔ ባንኮክ ከታመመ አባቴ ጋር ነኝ። እንዴት ነው ራሴ የምመጣው?

ካርዱ ላይ በተረፈችው ትንሽ ገንዘብ የማረፊያችንን በኦንላይን ልክፈል ስል ደግሞ የማረጋገጫ ኮድ ያስፈልጋል አለኝ። ኮዱ የሚመጣው በኤስኤምኤስ በኢትዮጵያ ስልኬ ነው፣ ሮሚንግ (የአገር ቤት ቁጥር ውጭ አገር እንዲሰራ የሚያደርገው አገልግሎት) ካልተከፈተ ደግሞ አይገባም። ካርዱን ሲሰጡኝ ከመሄድሽ በፊት ሮሚንግ አስከፍቺ ያለኝ ሰው የለም። ኮዱ በኢሜይል ይምጣልኝ ወይ የታይላንድ ቁጥሬን መዝግቡልኝ ብዬ ብጽፍ፣ ቁጥር ለመቀየር በአካል ቅርንጫፍ መቅረብ ግድ ነው ተባልኩ። በአካል፣ በአካል፣ በአካል። መንገደኛ ማለት በአካል እዛ የሌለ ሰው አይደለም እንዴ?

ሌላው ያልተነገረን ነገር ኤቲኤሙ ነው። ታይላንድ ውስጥ በውጭ ካርድ ስታወጡ የማሽኑ ባለቤት ባንክ ባወጣችሁ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ) በላይ ይቆርጣል፣ የራሳችን ባንክም የራሱን ይቆርጣል። ማሽኑ ደግሞ በባህት ላስከፍልሽ ወይስ በካርድሽ ገንዘብ ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ምንዛሬው በማሽኑ ባለቤት ዋጋ ይሰላበታል፣ ሁሌ ማለት ይቻላል የሚወደደው ይሄኛው ነው። ይሄን ለደንበኛ ለመንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ካርዱን ስትወስዱ የሚሰጣችሁ የሚስጥር ቁጥሩ ያለበት ፖስታ ብቻ ነው።

መንገድ ላይ ፍራፍሬ የምትሸጠዋ ሴትዮ ሳትቀር ፕሮምፕትፔይ የሚባለውን የአገራቸውን የስልክ ክፍያ ኪውአር ለጥፋለች። ታይላንድና ሲንጋፖር እኮ በስልክ ቁጥር ብቻ ገንዘብ እንዲላላኩ ሲስተማቸውን ያገናኙት ሚያዝያ 2013 ነው፣ የእኛ ቴሌብር ስራ የጀመረው ደግሞ በቀጣዩ ወር፣ ግንቦት 2013 ነው። ከውጭ ወደ እኛ ዶላር የሚገባበት መንገድ ተከፍቷል፣ ጥሩ ነው፣ ዜጋው ውጭ ሆኖ በህጋዊ መንገድ የገዛውን ዶላር ከስልኩ የሚከፍልበት ግን እኔ አላገኘሁም። ይሄ ጊዜ እንደሚፈልግ ይገባኛል። የሚደወልበት ስልክ ቁጥር ግን ጊዜ አይፈልግም።

አባቴን ያስተኛልን ሜሪላንድ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት። ሆስፒታሉ የመክፈያ ሊንክ ላከላት፣ ስራ ቦታዋ ሆና በስልኳ ከፈለች፣ አለቀ። እግዜር ይስጣት። አባቴ ታክሞ ተመልሷል፣ ደህና ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፣ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። የተያዘው ገንዘብ አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ካርዱ ላይ ተመልሶ ታየ። ዶላሩን ለአክስቴ ልጅ ልላክላት ብዬ ባንኩ ሄድኩ። "ጉዞው አልቋል፣ የተረፈው ዶላር ወደ ብር ይቀየራል" አሉኝ። በስንት? ባንኩ ዶላር በሚገዛበት ዝቅ ባለው ዋጋ! ስወስድ በሚሸጡበት ዋጋ ከነኮሚሽኑ ከፍያለሁ፣ ስመልስ በሚገዙበት ይቀበሉኛል። ይሄ እኮ ሽርሽር ሄጄ የተረፈኝ ዶላር አይደለም፣ ባንኩ ራሱ ይዞ ሳያሰራኝ የቀረ ዶላር ነው። በራሱ ጥፋት ያልተጠቀምኩበትን ገንዘብ ሲሸጥልኝም አተረፈ፣ ሲመልስም አተረፈ። ኮሚሽኑስ አልኩ፣ አይመለስም ተባልኩ። ለአክስቴ ልጅ የምልከው ዶላር ሽጡልኝ አልኩ፣ ለግል ዕዳ አንሸጥም አሉኝ። የእሷ ዕዳ በዶላር ነው፣ በእጄ የቀረው ግን የተሸራረፈ ብር ነው፣ ቀን ባለፈ ቁጥር ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዛሬ የት እንደደረሰ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ባንኮች ዋጋቸውን ራሳቸው ይወስኑ ብላችሁ ፈቅዳችኋል፣ እሺ። በራሳቸው ሲስተም ብልሽት ከደንበኛ ኪስ ልዩነት እንዲወስዱ ግን ማነው የፈቀደላቸው?

በ2020 እ.ኤ.አ. የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ አውጥታችኋል። ባንክ ክፍያውንና ኮሚሽኑን ቀድሞ በግልጽ እንዲናገር፣ ቅሬታ የሚያስተናግድበት ስርአት እንዲኖረው የሚያዘው እሱ ነው። መመሪያው እያለ እኔ ደጅ ለደጅ ስንከራተት ከረምኩ። ስንት ሰው ነው ለህክምና፣ ለእቃ፣ ለትምህርት ይሄንኑ ካርድ ይዞ ዱባይ፣ ጓንዡ፣ ዴልሂ የሚሄደው? ሜሪላንድ ዘመድ የሌለው ሰው በሽተኛውን ይዞ የት ሊሄድ ነው?

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ዓለም አቀፍ ካርድ የሚሸጥ ባንክ ሁሉ ከየትኛውም አገር የሚደወልበት፣ ሌሊትም እሁድም የሚነሳ ስልክ ይኑረው፣ ይሄ ከሌለው ካርዱን አይሽጥ። የማረጋገጫ ኮዱ በአፕም በኢሜይልም ይምጣ። መንገደኛው ከመሄዱ በፊት በስሙ የሚያስተናግድለት አንድ ሰው የሚያስመዘግብበት ፎርም ይኑር። ተከፋዩ አልደረሰኝም ብሎ በጽሁፍ ያረጋገጠውን የተያዘ ገንዘብ ባንኩ በስንት ሰዓት ውስጥ መልቀቅ እንዳለበት ቁርጡን እናንተ ጻፉ። በባንክ ጥፋት ስራ ላይ ያልዋለ ዶላር ደግሞ ወይ በዶላር ይመለስ ወይ በገዛንበት ዋጋ ከነኮሚሽኑ ይመለስ።

ሆስፒታሉ የሰጠኝ ደብዳቤ፣ የማሽኑ ወረቀት፣ ባንኩ ዶላሩን ሲሸጥልኝና ወደ ብር ሲቀይርብኝ የሰጠኝ ደረሰኝ፣ ሁሉም በእጄ ነው። ጉዳዩን የሚያይ ባለሙያ መድቡልኝ፣ በተባልኩበት ቀን ይዤ እመጣለሁ። በሸጡልኝና በመለሱልኝ ዋጋ መሀል ያለውን ልዩነት ማን እንደሚከፍለኝ በጽሁፍ መልስ እፈልጋለሁ።

አንዲት የካርድ ተጠቃሚ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ዓለም አቀፍ ካርድ ለሚሸጡ ንግድ ባንኮች በሙሉ