ደናኔ የሄዱትስ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የየካቲት 12 እትማችሁን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም የጣልያኑ ገዥ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩባት ሰዓት ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የሆነውን በደንብ ተርካችኋል። እጃችሁ ይባረክ። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። «ጭፍጨፋው ከሦስት ቀን በኋላ አበቃ» ይላል። እኔ ባደግሁበት ቤት ሦስት ቀን የሚባል ነገር አልነበረም። እኛ ቤት ከየካቲት 1929 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ነው የቆየው። የምጽፍላችሁ ደናኔ ወደሚባለው የጣልያን ማጎሪያ ስለተጋዙት ነው።

አያቴ ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ነበረች። ታላቅ ወንድሟን «ወንድምጋሼ» እያለች ነው የምትጠራው። ፈረንሳይኛ ይማር ነበር። ፊደል የቆጠረ ወጣት በዚያ ሰሞን እንዴት እንደሚታይ እናንተም ጽፋችኋል። ካራቢኔሮች፣ የጣልያን ፖሊሶች፣ ከቤት ሲወስዱት እናቱ እግራቸው ላይ ወደቀች። ከጥቂት ቀናት በኋላ አቃቂ መሆኑ ተሰማ። ጣልያን ብዙ ሰው ያጎረው እዚያ፣ የሬዲዮ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነበር።

ያን ጊዜ አቃቂ ከከተማ ውጭ ነው። የባቡር ጣቢያ፣ ወንዝ፣ ሜዳ። እናቱ ዳቦ ቆሎና በሶ በጨርቅ ቋጥራ፣ አያቴን አስከትላ ከአራዳ በእግር ትሄዳለች። ጎህ ሲቀድ ተነስተው ለዓይን ሲይዝ ነበር የሚመለሱት። መጀመሪያ ቀን አላዩትም። ሁለተኛ ቀን ከሽቦው ማዶ አዩት። ከርቀት ነው፤ ብዙ መነጋገር አልተቻለም። እሱ የጮኸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ደብተሬን አምጡልኝ» አለ። አያቴ ይህን ስትነግረኝ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ትቆማለች። ምግብ አልጠየቀም፣ ልብስ አልጠየቀም።

ደብተሩን ይዘው ሦስተኛ ሲሄዱ ግቢው ጭር ብሏል። ካሚዮን መጥቶ ሌሊት ጭኗቸው ሄደ ተባለ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ወደ ባሕር» አሏቸው።

ባሕሩ የሕንድ ውቅያኖስ ነው። ደናኔ ከሞቃዲሾ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዳርቻው ላይ ያለ ቦታ ነው። ጣልያኖች ማጎሪያውን ያቋቋሙት ገና ኢትዮጵያን በወረሩበት ሰሞን ነው። ከየካቲት 12 በኋላ ግን በካሚዮን እያጋዙ ሞሉት። መኳንንቱንና ታላላቆቹን፣ 400 የሚጠጉ ሰዎችን፣ ወደ ጣልያን አገር ወሰዷቸው። አሲናራ የሚባለው ደሴት ላይ የታሰሩ ነበሩ። ቀይ ባሕር ላይ ደግሞ ዳህላክ አጠገብ ናኩራ አለ። ያ ከጥንት ከጣልያን ቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ የግዞት ደሴት ነው፤ ሙቀቱ ሰው የሚጨርስ። ስም የሌለው ሰው፣ የጸሐፊው ልጅ፣ የካህኑ ልጅ፣ ሚስቲቱ፣ ሕፃኑ ሳይቀር፣ ደናኔ ገባ። በኋላ አምባሳደር የሆኑት እምሩ ዘለቀ ልጅ ሳሉ ከእናታቸው ጋር እዚያ ታስረዋል። ያዩትን እስከ እርጅናቸው ደጋግመው ተናግረዋል።

ደናኔ ላይ ሰው የሚያልቀው በጥይት ብቻ አልነበረም። ይህን ነገር ጠበቅ አድርጋችሁ ብትጽፉት ደስ ይለኛል። የሸዋ ሰው በደጋ አየር ያደገ ነው፤ ወባ አያውቅም። እሱን ወስደው የባሕር ዳር አሸዋ ላይ አሰፈሩት። የሚሰጡት ጋሌታ የሚባለውን ደረቅ ብስኩት ነው፤ ብዙ ጊዜ የነቀዘ። ውሃው የባሕር ጨው ያለበት ነው። ጠጥተውት ይጠማሉ፣ ደግመው ሲጠጡ ሆዳቸው ይታመማል። ተቅማጡና ወባው ተጋግዘው ሰዉን ጨረሱት። እዚያው የታሰሩት ሚካኤል ተሰማ ከጦርነቱ በኋላ በመሐላ በሰጡት ቃል፣ ወደ ደናኔ ከገቡት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ ሞተዋል ብለዋል። ከሁለት ሰው አንዱ ማለት ነው። ቃላቸውን መንግሥታችን ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቅርቦታል። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሰው አብዛኛው የሞተው «ጭፍጨፋው አበቃ» ከተባለ በኋላ ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። የወንድምጋሼ እናት ለአራት ዓመት ለቅሶ አልተቀመጠችም። ጎረቤት «እርምሽን አውጪ» ሲላት «ልጄ መንገድ ሄዷል» ትላለች። ሰሌን አልተነጠፈም፣ ተዝካር አልተደገሰም። አያቴ እንደምትለው ከሞቱ የከፋው ይህ ነው። የሞተ ሰው 40 ይወጣለታል፣ ሙት ዓመት ይታሰብለታል። የተጋዘ ሰው ግን አልሞተም፣ አልኖረም። በሩ ሲንኳኳ ሁሉም ቀና ይላል። እናቱ ማታ ማታ እንጀራ ስትቆርስ የእሱን ድርሻ ታስቀምጥ ነበር።

በ1933 እንግሊዞች ሞቃዲሾን ሲይዙ የደናኔ በር ተከፈተ። ከተረፉት አንዱ፣ ከሲታ ሰው፣ ጥርሱ የረገፈ፣ ቤታችን መጥቶ ተቀመጠ። ወንድምጋሼ በሁለተኛው ክረምት ሞቷል አለ። ክረምት ያለው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እዚያ ክረምት የለም። የት ተቀበረ ሲባል «አሸዋ ውስጥ» አለ። እናቱ «አፈር እንኳ አላገኘም?» ብላ ጠየቀችው። ተዝካሩ የተደገሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ ለማስለቀስ አይደለም። እኔ ዛሬም አቃቂ ነው የምኖረው። ፋብሪካው፣ ኮንዶሚኒየሙ፣ «ቱሉ ዲምቱ፣ ቱሉ ዲምቱ» እያለ የሚጣራው የታክሲ ረዳት፣ ሁሉም ሕይወቱን ይዟል። መልካም ነው፣ ሰው መኖር አለበት። ነገር ግን እዚህ ሰፈር ያደገ ልጅ እግሩ ሥር ምን እንደነበረ የሚነግረው አንድ ድንጋይ የለም። ስድስት ኪሎ ሐውልት አለ፤ የወደቁት ይታሰባሉ፤ ይገባቸዋል። በካሚዮን ተጭነው የወጡት ግን የት ነው የሚታሰቡት? እኔ አበባ ላስቀምጥ ብል የት ሄጄ ነው?

ጣልያን ውስጥ ግራዚያኒ ቦታ አግኝቷል። አፊሌ በምትባል ከተማ በነሐሴ 2004 በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠርቶለት ተመርቋል። ዜናውን የሰማሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእኛ ሰው ደም የጠየቀው ፍርድ ቤት የለም። በ1940 ያ የጦር ወንጀል ኮሚሽን ኢትዮጵያ ካቀረበቻቸው 10 ጣልያኖች 8ቱን ለክስ በቂ ማስረጃ አለባቸው ብሎ ነበር። አንዳቸውም በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸሙት አልተዳኙም። ግራዚያኒ 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በማበሩ ነው፤ ከእሱም በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈቷል። ለሱ መታሰቢያ ከቆመለት፣ እሱ ላጋዛቸው አንድ የድንጋይ ሰሌዳ በዛባቸው?

ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ ይዤ ወደ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። አንዲት ሰሌዳ ብቻ ነው የጠየቅሁት፤ ወጪውን ሰፈራችን አዋጥቶ ይችላል አልኩ። «የታሰሩበትን ቦታ የሚያሳይ ማስረጃ ከነካርታው አምጣ» አሉኝ። ሽማግሌዎቹ አልፈዋል። አያቴም አልፋለች። እኔ ምን ካርታ አለኝ? ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ተውኩት። አሁን የናንተን ጽሑፍ ሳነብ ግን መተዌ አሳፈረኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከሚቀጥለው የካቲት ጀምሮ ለደናኔ፣ ለናኩራና ለአሲናራ ሰዎች አንድ ዓምድ ክፈቱ። አንባቢዎቻችሁ ውስጥ የተጋዘ ዘመድ የነበረው ብዙ ነው። ስም፣ የተወሰደበት ወር፣ ቢመለስ የተመለሰበት ዓመት፣ ይህ ብቻ ይበቃል። የአቃቂ ግቢ አጥሩ ከየት እስከ የት እንደነበር ከወላጆቹ የሰማ ሰው ካለም ይጻፍላችሁ። ታሪክ አጥኚ አላችሁ፣ ዘጋቢ አላችሁ፤ የያዛችሁት እስክሪብቶ ከእኔ ደጅ ጥናት ይልቅ ጉልበት አለው። ያ ቢሮ የጠየቀኝ ካርታ ያን ጊዜ ሊገኝ ይችላል።

መጀመሪያውን እኔ ልኬያለሁ። የወንድምጋሼ ፎቶ የለንም። ደብተሩ ግን አለ፤ ከአቃቂ ተመልሶ አያቴ ሳጥን ውስጥ ገባ፣ ከሳጥኗ ወደ እኔ። የመጨረሻው የተጻፈበት ገጽ የፈረንሳይኛ ግሥ እርባታ ነው፤ ግማሽ ላይ ቆሟል። ያን ገጽ ፎቶ አንስቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ካተማችሁት ከሥሩ «ደናኔ የቀረ» ብላችሁ ጻፉበት።

አክባሪያችሁ
ከአቃቂ