ፍሬን ስለሌላት ጀልባ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በባሕር ዳር የጀልባ ሹፌር ነኝ። ስለ ጣና ጀልባዎች በተጻፈ ቁጥር የሕይወት አድን ጃኬት ይነሳል፤ ደግ ነው። የማርሽ ካቮን፣ ማርሹን የሚያንቀሳቅሰውን የሽቦ ገመድ፣ ግን ማንም አያነሳም።

ጀልባዬ አሮጌ ናት፤ ሞተሯ ከውስጥ፣ ማርሿና ፕሮፔለሯ ከኋላ ግድግዳዋ ውጭ። እጀታውን ከማርሹ የሚያገናኘው ካቮ ግድግዳውን አልፎ ሲወጣ በተጣጠፈ ጎማ ይሸፈናል። ጎማው ከተሰነጠቀ ውሃ ይገባል፤ ካቮው ከሽፋኑ ውስጥ ይዝጋል፤ እጀታው ይከብዳል። ባለፈው ክረምት መንገደኞች ይዤ ከዘጌ ስመለስ፣ ማረፊያው ዘንድ ደርሼ እጀታውን ወደ ዜሮ (ማርሽ ወደማይይዝበት መሃል) ባመጣው ፕሮፔለሩ መዞሩን ቀጠለ። ጀልባ ፍሬን የላትም፤ የምትገታው በኋላ ማርሽ ነው። ሞተሩን አጥፍቼ በመቅዘፊያ ባልገፋ ኖሮ ከድንጋዩ ጋር እንላተም ነበር።

አንድ መካኒክ ካቮውን ለውጦ አሮጌውን ጎማ መልሶ ገጠመው። በሦስተኛው ወር ያው ሆነ! ለካስ የኋላው ክፍል ተፈቶ ከወረደ አይቀር ጎማውም አብሮ መለወጥ ነበረበት። ሁለተኛውን ራሴ ከጎኑ ቆሜ አስገጠምሁ፤ ካቮው እንዳይጠማዘዝ፣ ዜሮውም ትክክል መሃል ላይ እንዲውል እየተስተካከለ። (ባለቤቴ ከጀልባዋ ጋር ተጋብተሃል ትለኛለች።)

ጀልባ የሚመረምሩ ሰዎች ቀለሟንና ወንበሯን ብቻ አይተው ከሚሄዱ እጀታውን ራሳቸው ወደፊትና ወደኋላ ቢያንቀሳቅሱት፣ ያችን ጎማም በእጃቸው ጨብጠው ቢያዩዋት ምን ነበረበት?

አንድ የጀልባ ሹፌር
ባሕር ዳር፣ ጎጃም