ለጅማ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፦ መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ከመግባቱ በፊት ትርጉሙ ይጻፍ

ክቡር ከንቲባ፣

በመዝገብ ቤት ሥራ ረጅም ዕድሜ ያሳለፍኩ የጅማ ነዋሪ ነኝ። በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየገባ በመሆኑ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ግን ወረቀቱ ሲገባ ትርጉሙ ውጭ እየቀረ መሆኑ ነው። ትርጉሙን የሚያውቁት ሠራተኞች 60 ዓመት ሲሞላቸው በጡረታ ይሰናበታሉ፤ ይዘውት የሚሄዱትን ዕውቀት ደግሞ የትኛውም ስካነር አያነሣውም።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ፋይል ላሳይዎ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ የተከፈቱ የቤት ፋይሎች ዛሬም በመደርደሪያ ላይ አሉ። በእጄ ካለፉት የአንዱ ሽፋን ላይ የከፍተኛና (ከቀበሌ በላይ የነበረው የከተማ አስተዳደር እርከን) የቀበሌ ቁጥር በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። እሱ በቀይ ተሰርዞ ሌላ የቤት ቁጥር ገብቷል። ጥግ ላይ ደግሞ በእርሳስ የተጻፈ ሦስተኛ ቁጥር አለ። አዲስ ተቀጣሪ ከሦስቱ የትኛውን ያስገባ? ነባሯ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን ሽፋኑን አይታ ወዲያው ትመልሳለች፤ ቀዩ ቀበሌዎች ሲዋሃዱ የተሰጠ ነው፣ የእርሳሱ ለጊዜያዊ ቆጠራ የተጻፈ ስለሆነ አይጸናም ትላለች። ይህ መልስ በየትም አልተጻፈም። ዛሬ ሄርማታ፣ ጊንጆ ወይም ቦሳ ቂጦ በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሰው የወላጆቹን ቤት ማስረጃ ሲፈልግ ጉዳዩ የሚወሰነው ግን በዚህ ባልተጻፈ መልስ ነው።

ባለሙያዎች ሜታዳታ የሚሉት ይህንን ነው፦ መረጃው ከየት እንደመጣ፣ መቼና በማን እንደተመዘገበ፣ እያንዳንዱ ዓምድ ምን ማለት እንደሆነ የሚገልጽ መረጃ። የተራቀቀ ነገር አይደለም። በዓለም ላይ ብዙ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት የሚጠቀሙበትና በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጀመረው ደብሊን ኮር የተባለው የሜታዳታ ደረጃ መሠረታዊ መግለጫዎቹ 15 ብቻ ናቸው። ለእኛ ለእያንዳንዱ መዝገብ አንድ ገጽ በቂ ነው።

በእኛ አገር ሁኔታ ይህ ገጽ ከሌላው ዓለም የበለጠ ያስፈልጋል። በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ «ቀን» በሚል ዓምድ ሥር 03/04/2009 ተብሎ ተጽፎ ቢገኝ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ታኅሣሥ 3 ቀን 2009 ነው። በአውሮፓውያን ከሆነ ግን መጋቢት 25 ቀን 2001 ይሆናል። ልዩነቱ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ነው። በሊዝ ክፍያ ላይ ይህን ያህል ዓመት ምን እንደሚያስከትል ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። 12 ወር ብቻ የሚቀበል ፕሮግራም ደግሞ በጳጉሜን የተወለደን ሕፃን አያስመዘግብም፤ ጸሐፊው ሥራው እንዳይቆምበት ነሐሴ 30 ወይም መስከረም 1 ብሎ ያልፈዋል፣ የተሳሳተው ቀንም ሕፃኑን ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል።

የስም ጉዳይም አለ። ከ1984 በፊት የተከፈቱት ፋይሎች በአብዛኛው በአማርኛ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ናቸው። ኃይሉ የተባለ ሰው አንድ ቦታ በ«ኃ»፣ ሌላ ቦታ በ«ሀ»፣ ሦስተኛ ቦታ በቁቤ ሲጻፍ ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ያደርገዋል። ሁሉም አጻጻፎች ተያይዘው እንዲመዘገቡ ካልታዘዘ በቀር አንዱ ሲገኝ ሌሎቹ ይጠፋሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ባለቤት ማጣቱ ነው። «ይህ መዝገብ የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ጣት የሚቀሰረው ወደ ኮምፒውተር ባለሙያው ነው። እሱ ማሽኑን ይጠብቃል እንጂ የቤት ቁጥር መቼ እንደሚቀየርና ማን ሊቀይረው እንደሚችል የመወሰን ሥልጣን የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም። ለእያንዳንዱ መዝገብ የሥራውን ጠባይ የሚያውቅ አንድ ኃላፊ በደብዳቤ ይመደብ። ለውጥ ሲደረግ ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ እንዳደረገው የሚመዘገበው በእሱ ኃላፊነት ይሁን።

ሕጉም ከዚህ ያነሰ አይጠይቅም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎች መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብና እንዲጠበቅ ያዝዛል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ዜጋ በመንግሥት እጅ ያለ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በእጁ ምን እንዳለ የማያውቅ መሥሪያ ቤት ሁለቱንም መፈጸም አይችልም። በየፍላሹ ተገልብጦ የሚዞር የነዋሪዎች ዝርዝር ማን ዘንድ እንዳለ እንኳ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ሥራው በአንድ መዝገብ፣ በቤትና ይዞታ መዝገብ፣ እንዲጀመር እጠይቃለሁ። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ሲገባ የመጀመሪያው ገንዘብ ለሰርቨር ሳይሆን ለዚህ ይመደብ። ጡረታ የወጡትና ሊወጡ የተቃረቡት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች በአበል ይጠሩ። በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ የሚታወቀው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ይላክልን፤ ከነባሮቹ አጠገብ ተቀምጠው የእያንዳንዱን ዓምድና የእያንዳንዱን ማኅተም ትርጉም ይጻፉ። ዋናው ወረቀት ስካን ተደርጓል ተብሎ እንዳይቃጠል ወይም ለመጠቅለያ እንዳይሸጥ ትእዛዝ ይውጣ።

እኔም ከሚጠሩት አንዱ ለመሆን ዝግጁ ነኝ፤ አበሉ ለሌሎቹ ይሁን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ጅማ