ቀቢ ነቢይ አይደለም

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለወንድሜና ለልጅነት ጓደኛዬ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከቤቱ ግድግዳ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ሰፈሩ በቆሻሻ ጭስ ታፍኗል፤ ዓይኔን እያሻሸሁ ነውና የምጽፍልህ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅህ መቆየቴ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ምክንያት ብደረድር እንደማታምነኝ ስለማውቅ አልደረድርም። ስልክ ያልደወልኩትም ድምፅህን ከሰማሁ ዋናውን ነገር ሳልናገር ስለ ኑሮ ውድነት አውርቼ መዝጋቴ ስለማይቀር ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የእህቴ ልጅ ነው፤ መልስህን በእርሱ በኩል ላክልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ የእናቴን ቤት ቀለም ላስቀባ ብዬ ከቀቢው ጋር ተጣላሁ። ቀቢው ማን እንደሆነ ስነግርህ ግን አትሳቅ፤ ያው የአንተው ነው። አንተንና እርሱን ለማስታረቅ አንተ ቤት ለሽምግልና የተቀመጥን ዕለት ልጁ ሲናገር እውነተኛ ሰው ሆኖ ስለታየኝ፣ አንተ ቡና ልታስፈላ ወደ ጓዳ ስትገባ ስልኩን ተቀብዬው ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም። ለካ እኔ በዚያ ቀን ፈራጅም ደንበኛም ነበርኩ!

በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. አስጠራሁትና ቤቱን ዞሮ አየው። በካሬ እንዋዋል ቢለኝ እምቢ አልኩ፤ በካሬ የተዋዋለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከአንተ ቤት ተምሬያለሁና «ቁርጡን ንገረኝ» አልኩት። ዕቃውንም የእጅ ዋጋውንም ጨምሮ በ68,000 ብር ተስማማን፤ 30,000 ብር ቀብድ ሰጠሁት፤ ሥራው ዝናቡ ካባራ በኋላ በጥቅምት እንዲጀመር ተቀጣጠርን። ውሉን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ በደብተር ወረቀት ላይ አምስት መስመር ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቹን «ጥያቄውን በደንብ ሳታነቡ አትመልሱ» ሲል የኖረ የሂሳብ መምህር «የቤቱን ግድግዳ ከውስጥም ከውጭም» ብሎ ጽፎ ኮርኒሱን ረሳው።

በሐምሌ 22 ቀን የሆነውን ታውቀዋለህ። የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ ተባለና በባንክ ከ58 ብር በታች ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። እኔ ጡረተኛ ነኝና ዶላር ምኔ ነው ብዬ ነበር። ቀለሙ እዚሁ አገር ቢመረትም ነጭ የሚያደርገው ዱቄትና ማጣበቂያው ከውጭ እንደሚገባ የነገረኝ ልጁ ነው፤ የነገረኝም በጥቅምት፣ የቀለሙን ደረሰኝ ፊቴ ላይ ዘርግቶ ነው።

ሥራው ተጀመረ። በመጀመሪያው ቀን ሳሎኑ አንድ እጅ ተቀባና አማረ፤ እኔም ወንበር አውጥቼ ከበረንዳው ሆኜ ሳደንቅ አመሸሁ። በማግሥቱ ሁለተኛውን እጅ ሊቀባ ሩሎውን ሲያሳርፍ የመጀመሪያው ቀለም እንደ በሰለ እንጀራ ከግድግዳው እየተነሣ ከሩሎው ጋር ተጠቅልሎ መጣ። ከሥሩ ያለው ኖራ ነበር። በየመስቀሉና በየፋሲካው የተለቀለቀ፣ ዱቄት የሆነ የአርባ ዓመት ኖራ፤ ፕላስቲክ ቀለም ደግሞ ዱቄት ላይ አይዝም። መፋቅ ግድ ሆነ። ሲፋቅ ጭቃው ከነጭዱ አብሮ ረገፈ፤ በመኝታ ቤቱ በኩል፣ የአሸንዳው ውኃ በሚወርድበት ቦታ፣ ማገሩ እስኪታይ ድረስ ተከፈተ። አንድ ሊትር ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል ይላሉ፤ የእኔ ግድግዳ ግን እንደ በጋ መሬት ይጠጣል እንጂ አይሸፈንም።

ከዚህ በኋላ ልጁ ሒሳቡን በወረቀት ጽፎ አመጣ። ለኮርኒሱ 6,500 ብር፣ ለመፋቂያና ለልስን 10,900 ብር፣ ለቀለም ዋጋ ጭማሪ 14,000 ብር፤ ድምሩ 31,400 ብር ሆነ። ቀብዱን ቀንሼ ይህን ስደምርበት የሚቀርብኝ ዕዳ 69,400 ብር፣ ማለትም ከመጀመሪያው ውል ይበልጣል! ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ደሙ ፊቴ ላይ ወጣና «አንተ ሌባ» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ልጁ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሩሎውን ባልዲው ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ ቀቢ ነቢይ አይደለም ብለው የፈረዱልኝ እርስዎ አልነበሩም እንዴ?» አለኝ።

ያቺን አነጋገር ታስታውሳታለህ። እኔም በጣም ወድጃት ነበር፤ በየለቅሶ ቤቱ ሳይቀር ደግሜያታለሁ። ግድግዳ ውስጡ አይታይም፣ ቀቢም ነቢይ አይደለም፣ ስለዚህ ልጁ የጠየቀህን 7,000 ብር ክፈል ብዬ አንተን አስጨበጥኩህ። አንተ ዝም ብለህ ከፈልክና በዚያው ዝም አልክ፤ እኔም ዝም አልኩ። ሽማግሌ ሆኖ በሰው ኪስ መፍረድ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያኔ ቢገባኝ ኖሮ ቢያንስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እፈርድ ነበር።

የእህቴ ልጅ ሕግ ተማሪ ስለሆነ ጉዳዩን ስነግረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉን ይዞልኝ መጣ። በቁጥር 1731 ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ እንደሆነ፣ በቁጥር 1764 ደግሞ ሁኔታው ተለውጦ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና እንደሚቆይ አነበበልኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግርህም፤ ገጹን አጥፌ ምልክት አደረግሁበት። ማታ ብቻዬን ስገልጠው ግን ከ1731 ቀጥሎ ያለው 1732 ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ውል በቅን ልቡና፣ በተዋዋዮቹ መካከል ሊኖር በሚገባው መተማመን መሠረት ይተረጎም ይላል። መጽሐፉን ዘጋሁት። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም፤ ለምን እንዳልወሰደኝ ልንገርህ።

በሰኔ ልጁ ግድግዳውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ «ከሥር ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። እኔም «ልስን ነው» አልኩት። ዋጋው እንዳይንርብኝ ነው። ኖራ መሆኑን እንደማውቅ ደግሞ አንተ ታውቃለህ፤ ከእኔና ከአንተ በቀር በሕይወት ያለ የሚያውቅ የለም። እናቴ ገና የፈላውን ኖራ እንዳትነኩ ብላን ስትሄድ በርሜሉ ውስጥ እጅህን የከተትክበት የመስቀል ዋዜማ አይረሳህም፤ የግራ መዳፍህ ቆዳ ተልጦ እናትህ እኔን የገረፉኝ ነው። ሌላም አለ። ልጁ በሰኔ መጨረሻ ቀለሙን አሁኑኑ ልግዛው፣ እዚሁ ይቀመጥ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ ቤቴ የቀለም ባልዲ መጋዘን አይሆንም ብዬ ከለከልኩት። ያኔ ተገዝቶ ቢሆን የ14,000 ብሩ ጥያቄ ባልተነሣ ነበር። እርግጥ ነው፣ ቀብዱ በእጁ ነበርና ሌላ ቦታ አስቀምጦ መግዛት ይችል ነበር፤ ይህን ነጥብ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ባሰብኩት ቁጥር ግን እየቀጠነብኝ ሄደ።

እነዚህን ሁለቱን ነገሮች የእኔንና የልጁን ጉዳይ ለሚያዩት ሽማግሌዎች አልነገርኩም። ልጁም አልተናገረም፤ የመጀመሪያውን ስለማያውቅ፣ ሁለተኛውን ግን ምናልባት አፍሮልኝ ይሆናል።

ከዚህ የሚብሰውን በመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ። መሰላሉን አግቼበታለሁ። አዎን፣ መሰላሉን፤ ከሁለት ሩሎና ከአንድ ስፓቱላ ጋር ዕቃ ቤት ቆልፌበታለሁ። አንተ ያገትክበት ጊዜ «የሰው እንጀራ ቆልፈህ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?» ብዬ ሰው ፊት የተናገርኩህ እኔ ነኝ። እንዴት ይወስድህ እንደነበር ብትነግረኝ አሁን ይጠቅመኛል። ሌላ ቦታ የጀመረውን ሥራ በተከራየው መሰላል እየሠራ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ የኪራዩንም ሒሳብ በወረቀቱ ላይ ሳይጨምርብኝ አይቀርም።

ሥራው ከቆመ ሁለት ሳምንት ሆነው። አዲሱ ልስን ከመቀባቱ በፊት አራት ሳምንት ያህል መድረቅ ስላለበት ጠቡ ለግድግዳው ተስማምቶታል፤ ለእኔ ግን አልተስማማኝም። ሳሎኑ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጭቃ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጭቃው ጀርባውን እንዲሰጥ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። አንተ ባለቤትህ የመረጠችውን ያን ብርቱካንማ ቀለም ስታስቀባ እንዴት እንደሳቅኩ አስታውስና አሁን ተራህን ሳቅ።

ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ኅዳር 22 ቀን ከቀኑ በ9 ሰዓት እኔ ዘንድ ይሰበሰባሉ። ሁለቱ የዕድር ሰዎች ናቸው፤ እኔን ስለሚያከብሩ ለእኔ ሊያደሉ እንደሚችሉ ከወዲሁ ይታየኛል። ሦስተኛውን ልጁ እንዲመርጥ ተብሎ ነበር፤ እርሱ የሚያውቀው ሰው እንደሌለው ሲናገር የአንተን ስም የጠራሁት እኔ ነኝ። ልጁ ደነገጠ፤ ያኔ ስላስከፈልኩት ቂም ይዞ ይመጣል ብሎ ሳይሰጋ አልቀረም። ከዚያ ትንሽ አሰበና «ይምጡ፤ እርሳቸው ይሻሉኛል» አለ።

ስለዚህ እንድትመጣልኝ እለምንሃለሁ። ለእኔ እንድትፈርድ አይደለም የምጠራህ፤ ኮርኒሱን እከፍላለሁ፤ ስለ ግድግዳው ግን ሰው ፊት አንተ «ከሥር ምን እንደነበረ ታውቅ ነበር?» ብለህ ብትጠይቀኝ አልዋሽም፤ ካልጠየቅከኝ ግን ራሴ ለመናገሬ ዋስትና የለኝም። የቀለሙን ነገር እንዴት እንደምናካፍለው አላውቅም፤ እኩል ነው የሚል ሐሳብ ነበረኝ፤ እኩል ደግሞ ለማን እኩል እንደሆነ ግራ ገባኝ። ስለ 7,000 ብሩም ከሰዎቹ በፊት ለብቻችን የምንነጋገረው ነገር አለን፤ በደብዳቤ መጻፉ ከበደኝ።

ከቻልክ በ8 ሰዓት ድረስ። የፊት ለፊቱ በር በልስኑ ምክንያት በሸራ ተጋርዷል፤ በጓሮ በኩል ግባ፤ ስትገባ በግራ በኩል የምታየው ዕቃ ቤት ቁልፉ በሩ ላይ ነው። መሰላሉ እስከዚያ ቀን እዚያው ካለ አንተው አውጥተህ በረንዳው ላይ አቁምልኝ።

ወንድምህ