ጌሾን እንደ ሆፕስ አትቀቅሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቅርቡ ቢራን በቤት ስለ መጥመቅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው በጣና ዳርቻ ባለው እህልና ቅጠል እንጥመቅ ማለታቸው ደግ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ጌሾን «የእኛ ሆፕስ» ብለው አንድ ሰዓት ያህል እንዲቀቀል መምከራቸው ጀማሪውን ለኪሳራ የሚዳርግ ስለሆነ ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ሁለቱ ተክሎች የቅርብ ዝምድና የላቸውም። ሆፕስ በየዓመቱ ከሥሩ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ሐረግ ሲሆን፣ ለቢራ የሚፈለገው የሴቴዋ አበባ ነው፤ በአበባው ውስጥ ያለው ሙጫ መሰል ነገር መራራ ጣዕሙን የሚሰጠውም በፈላ የብቅል ጭማቂ ውስጥ ሲቆይ ነው። በሚያድግበት ወራት በቀን ወደ 15 ሰዓት የሚጠጋ ብርሃን ካላገኘ ሳይጠና ያብብና ምርቱ ያንሳል። ባሕር ዳር ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት ስለማይሞላ፣ በሐይቁ ዳር ሆፕስ ለቀማ የሚወጣ ሰው ባዶ ቅርጫት ይዞ ይመለሳል። ጌሾ ግን ቁጥቋጦ ነው፤ ዘጌ ላይ ከቡናው ሥር ሞልቷል፣ ቅጠሉ ለጠላ እንጨቱ ለጠጅ ይሆናል። (በገዳማቱ ደን ያለውን ሳያስፈቅዱ መቁረጥ ግን ነውር መሆኑን ጸሐፊው ቢያነሡት መልካም ነበር።)

ስለ መቀቀሉ የምናገረው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ አገር የመጣ የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ይቀቅሉት፤ ምሬቱ በደንብ ይወጣል» ቢለኝ እሺ አልሁ። ጋኑን በግራዋ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ፣ የተቀቀለውን ጌሾ ጠነሰስሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ጆሮዬን ወደ ጋኑ አፍ ባስጠጋ አንዳች የመፍላት ድምፅ የለም፤ በአምስተኛው ቀን ብከፍተው ነጭ ሻጋታ ለብሶ፣ ሲቀመስም እሬት ሆኖ አገኘሁት። የቢራ ጠማቂ ጭማቂውን ቀቅሎ ካቀዘቀዘ በኋላ እርሾ ከውጭ ይጨምርበታል። እኛ ለጠላ የምንጨምረው እርሾ የለም፤ እርሾው የሚመጣው ከቅጠሉ፣ ከብቅሉና ከጋኑ ነው። ጌሾውን የቀቀለ ሰው ጥንስሱ ገና ሳይጀምር ከቅጠሉ የሚመጣውን እርሾ ገደለው ማለት ነው። ጌሾን ለቢራ ምሬት ብቻ የሚፈልግ ሰው ይቀቅለው፤ ሲቀዘቅዝ ግን እርሾ መጨመሩን እንዳይረሳ።

ዳጉሳ ለብቅል ይሆናል ባሉት ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ የበቀለ ዳጉሳ ብቅሉ ግሩም ነው። ይሁን እንጂ ዳጉሳ እንደ ገብስ ገለባ ስለሌለው ድፍድፉ ይጣበቅና ጭማቂው አልጠል ይላል። ለቢራ የሚያስቡ ሰዎች ከነገለባው የተከካ የገብስ ብቅል ቢቀላቅሉበት ለማጥለሉ ይረዳቸዋል። ለጠላ ግን ይህ አያሳስብም፤ በወንፊት ይወርዳል።

የበዓሉ ጥንስስ የሚጣልበት ሳምንት ስለ ደረሰ፣ እርማቱ ከመጪው እትማችሁ እንዳያልፍ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ መምህርት፣ ባሕር ዳር